ለኢትዮጵያ ቡና ገዥ ስለ ማግኘትና የተገኘውንም ስለ ማቆየት

የቡና መሸጫ ወራት በደረሰ ቍጥር ከየወረዳው የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። ቡናው ሞልቷል፤ ገዥ ግን ጠፍቷል፤ የተገኘውም ገዥ ዋጋ ይሰብራል ይባላል። ለዚህም የሚታሰበው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከሩቅ የሚፈለግ ነው፤ ይኸውም መልእክተኛ ወደ ውጭ አገር ይላክ፥ በንግድ ትርዒት ላይ ስፍራ ይያዝ፥ ማስታወቂያ ይታተም የሚል ነው። ይህ ሁሉ የማይጠቅም አይደለም። ነገር ግን ገዥ በትርዒት ላይ ቢገኝም ጸንቶ የሚቆየው ወይም ትቶ የሚሄደው በወረዳው ውስጥ በሚደረገው ሥራ ነው። ይህንንም ሥራ ለማቅናትም ሆነ ለማበላሸት ከነጋዴው ይልቅ የሚበልጥ ኀይል ያለው የአገር አስተዳዳሪውና የወረዳው ሹም፥ ከእነርሱም ቀጥሎ ሰፊ የቡና ይዞታ ያለው ሰው ነው።

ባማርኛ «ገዥ» የሚለው ቃል አገር ለሚያስተዳድረውም ዕቃ ለሚሸምተውም አንድ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ገዥ የተባለው ገንዘቡን ከፍሎ ቡና የሚወስደው ነው፤ ሌላው አስተዳዳሪ ወይም ሹም ተብሏል።

ቀድሞ ዘመን ገዥን መፈለግ የሚባል ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሐረር ቡና በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር፤ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህም የመሐል አገሩ ቡና በጅቡቲ በኩል እንደ ልብ ይወጣ ጀመር። የምዕራቡ አገር ቡና በበኩሉ፥ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ ከተከፈተው የንግድ ስፍራ፥ ክረምት ገብቶ የባሮ ወንዝ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በሁሉም ስፍራ ገዥው ወይም ወኪሉ ራሱ እስከ ገበያው ይመጣ ስለ ነበር፥ ባለ ቡናው የሚያውቀው ከፊቱ የቆመውን ነጋዴ ብቻ ነበር፤ ቡናውን በመጨረሻ ማን ቈልቶ ማን እንደሚጠጣው የሚጠይቅ አልነበረም። ኋላም ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት በ1955 ዓ.ም. ተፈርሞ ለየአገሩ የሚሸጠው መጠን በኮታ ሲመደብ፥ ከመካከል የተቋረጠበት ዘመን ቢኖርም፥ የሻጩ ሐሳብ ሁሉ ድርሻውን በመሙላት ላይ ዋለ። ኮታው በ1981 ዓ.ም. ሲቀር ግን ገዥን ፈልጎ የማግኘቱ ዕዳ በሻጩ አገር ላይ ወደቀ። ዕዳው ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም፤ ዛሬም በብዙ ወረዳ የቡናው ጕዳይ በሚዛኑ ላይ የሚያልቅ ይመስላል።

ገዥ የተባለው ሰው አሠራር ምን እንደ ሆነ ቢታወቅ ግን ነገሩ ይገለጣል። በሐምቡርግ ወይም በቶኪዮ የተቀመጠ ቡና ቈይ አስቀድሞ ጥቂት መቶ ግራም ናሙና ይቀበላል፤ ቈልቶ፥ ፈጭቶ፥ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ይቀምሰዋል። ደስ ቢለው ኮንቴይነር በሚባለው የብረት ሣጥን የሚጫን ቡና ያዛል። ይህም በተለመደው አጫጫን 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ነው፤ ሁሉም ሲደመር 19,200 ኪሎ፥ በፈረሱላ ቢቈጠር ከ1,100 በላይ ይሆናል። እንግዲህ ገዥው የቀመሰው እፍኝ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለሺህ ፈረሱላ ነው። ያም ቡና የተለቀመው ከአንድ ጓሮ አይደለም፤ የብዙ መቶ ሰዎች እሸት ተሰብስቦ ነው። ከነዚያ መካከል ጥቂቶቹ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋራ ቢያቀርቡ፥ ሰብሳቢውም አይቶ እንዳላየ ቢቀበል፥ ወይም ሌሊቱን ሳይሸፈን ያደረ ቡና ከደረቀው ጋራ ቢቀላቀል፥ ገዥው ዕቃው ሳይጫን በፊትና ወደብ ሲደርስ ደግሞ ሲቀምሰው ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ክርክርም አይገጥም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ አገር ይጽፋል። ቡና ቈዩ የራሱ ደንበኞች አሉት፤ እነዚያም ባለፈው ወር የጠጡትን ጣዕም በዚህ ወር ይሻሉ። ስለዚህ እርሱ ከሁሉ አስበልጦ የሚፈልገው እጅግ የሚያስደንቅ ቡና አይደለም፤ ሁለተኛው ጭነት እንደ መጀመሪያው እንዲሆንለት ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. በጃፓን ወደብ የተመረመረ የኢትዮጵያ ቡና ከተፈቀደው በላይ የተባይ መድኃኒት ርዝራዥ ተገኘበት። ጃፓን በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚወስዱት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ከዚህ በኋላ ግን የሚላክላት ቡና በአንድ ጊዜ አሽቈለቈለ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገበሬ ለቡናው መድኃኒት የሚረጭ ስላልሆነ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ሲመረመርም ጣቱ የተቀሰረው ወደ ጆንያው ነው። በዘር፥ በአፈርና በገበሬው ትጋት ያልተበላሸ ወዳጅነት ዋጋው ከቡናው ጋራ ሊነጻጸር በማይችል በጆንያ ምክንያት ተናጋ። ያን ገበያ መልሶ ለማቅናትም የብዙ ጊዜ ምርመራና ልመና አስፈለገ። እስቲ አሁን በየወረዳው መጋዘን ያለውን ጆንያ ማን ይመለከተዋል? ማዳበሪያና የእህል መድኃኒት በተከመረበት ቤት ቡና አብሮ ማደሩን የሚከለክል ሹም በስንቱ ወረዳ አለ? ይህ ሥራ የውጭ አገር ጕዞ አይጠይቅም፤ ቍልፍና ተቈጣጣሪ ብቻ ይበቃዋል።

ከጆንያው የሚከፋ ግን የውል መፍረስ ነው። በዚህም ነገር በግልጥ መነጋገር ይገባል። በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ ከፍ ሲል፥ በአነስተኛ ዋጋ አስቀድሞ የተዋዋለ ሰው ቡናውን ደብቆ «አልተገኘም» ብሎ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። እንዲሁም ብዙ ዓመት የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ጭንቅ ስለ ነበረ፥ አንዳንድ ላኪ ቡናውን ባገር ውስጥ በውድ ገዝቶ በውጭ በርካሽ እየሸጠ፥ ባገኘው ዶላር ሌላ ሸቀጥ አስመጥቶ ኪሳራውን ይሸፍን ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ቡና መላክን መሸጋገሪያ አደረገው እንጂ ቡና ነጋዴ አልሆነም፤ ገዥው ቢመለስ ባይመለስም ግድ አልነበረውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለዚህ ሥራ የነበረው ምክንያት ደክሟል። የዋጋው ፈተና ግን ወዲያው መጣ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በዚህ ዓይነት ጊዜ በተዋዋለበት ዋጋ ቡናውን ያስረከበ ሰው ለጊዜው የከሰረ ይመስላል። ዋጋው በወደቀ ጊዜ ግን ገዥው አስቀድሞ የሚጽፈው ለማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ሹሙ ነጋዴውን ታማኝ ሊያደርገው አይችልም፤ ውል ያፈረሰውንና ውሉን የፈጸመውን በእኩል ዓይን ማየቱን ግን ሊተው ይችላል። ፈቃድ ሲታደስ፥ መጋዘን ሲከራይ፥ የመሥሪያ ስፍራ ሲሰጥ ይህ ቢጠየቅ ያለ አዋጅ የሚፈጸም ነገር ነው።

ስለ ኬላም እንዲሁ ነው። ቡና የጫነ መኪና ወረቀቱ የተሟላ ሆኖ ሳለ ማኅተሙ ደበዘዘ ተብሎ፥ ወይም ፈራሚው ለቅሶ ሄዷል ተብሎ ሦስት ቀን ቢቆም፥ በኬላው ለቆመው ዘበኛ ሦስት ቀን ብቻ ነው። መርከቡ ግን አይጠብቅም፤ መርከብ ያመለጠው ቡና ሌላ እስኪመጣ ድረስ በወደቡ ሙቀት ውስጥ ይቆያል፤ ገዥውም ለቈይዎቹ በሰጠው ቀን ሳይደርስለት ይቀራል። በኮንትሮባንድ የሚወጣውን ቡና መከልከል የሚገባ ነው፤ ይሁን እንጂ ኮንትሮባንዱ በሌሊት በጫካ ሲያልፍ ሕጋዊው በቀን በኬላ ሲታሰር ማየት የተለመደ ሆኗል። አንዳንድ ሹም ደግሞ «ቡናችን ከወረዳችን ሳይታጠብ አይውጣ» እያለ ባልተጻፈ ትእዛዝ እሸቱን ያግዳል፤ እሸት ቡና ግን በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ የሚበላሽ ነገር ስለ ሆነ፥ ትእዛዙ የጠቀመው ሰው አይገኝም።

አሁን ደግሞ ስለ ስም። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ከመንግሥት ጋራ ተስማማ። ስም ግን በመዝገብ ብቻ አይጠበቅም። ቡና በ2001 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ ክፍያው ፈጥኖና ሳይጓደል መድረሱ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን ቡናው በመጣበት አገርና በደረጃው እየተመደበ ስለሚቀላቀል፥ የየትኛው ቀበሌና የየትኛው መፈልፈያ ቡና እንደ ሆነ ለገዥው ሳይታወቅ ይቀር ነበር። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን፥ ከእርሱም ቀጥለው የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖች በቀጥታ እንዲሸጡ ስለ ተፈቀደላቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ስማቸውን የሚያውቅ ገዥ አፈሩ። የቡና ግብይትና ጥራት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ለሌሎቹም ሰፍቷል። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተደረገው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» በሚባለው የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው ንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ይህ ዋጋ ለጥቂት ጆንያ ብቻ የተከፈለ ስለ ሆነ ማንም ተራ ቡናውን በዚህ ሊመዝን አይገባውም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ገዥዎቹ የአንድን ባለ እርሻ ስምና ስፍራ ስላወቁ ነው እርስ በርሳቸው የተሻሙት። አስቀድሞ በክምር ውስጥ ቢቀላቀል ኖሮ ያ ቡና የማንም አይሆንም ነበር።

ከዚህ ወዲያ የባለ ቡናውን ስፍራ ማወቅ የገዥው ምርጫ ብቻ መሆኑ እየቀረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት፥ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች አይገባም፤ የእያንዳንዱም ማሳ ስፍራ በካርታ ላይ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ከሆነ ዙሪያው ጭምር ይለካል። ደንቡ የሚጸናበት ቀን መራዘሙን ሰምቶ የተኛ ወረዳ ቢኖር ይነቃ። ጀርመንና ቤልጅግ ከታላላቆቹ የኢትዮጵያ ቡና ገዥዎች ወገን ናቸው፤ ማሳው ያልተለካ ገበሬ ቡናው ምንም ቢጣፍጥ ወደ እነርሱ የሚወስደው በር ይዘጋበታል። የሚለካው ደግሞ የወረዳው ሠራተኛ እንጂ ላኪው ብቻውን አይችለውም። ይህ ሥራ ዕዳ ቢመስልም ያልተለመደ ጥቅም አለው፤ ማሳዎቹን አስቀድሞ ለክቶ መዝገቡን ያዘጋጀ ወረዳ ገዥ ሳይፈልግ ገዥ ይፈልገዋል።

ስለ ሌሎቹ ገበያዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሳውዲ ዐረብ የቆየች ደንበኛ ናት፤ ቻይናና ኮሪያም እየጨመሩ የመጡ ገዥዎች ናቸው። ከሚለቀመው ቡና ግማሽ ያህሉ ባገር ቤት እንደሚጠጣም ሊዘነጋ አይገባም። ከትርዒት የተመለሱ መልእክተኞች ግን አንድ ነገር ሊጠየቁ ይገባል፤ ይዘው የመጡት የገዥዎች ስምና አድራሻ የት ደረሰ? ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያጣ ገዥ፥ ናሙና ጠይቆ ከሁለት ወር በኋላ የደረሰው ገዥ ስንት ነው? ትልቅ ገዥ ሲፈለግ አሥር ጆንያ ብቻ የጠየቀውን ትንሽ ቡና ቈይ መናቅም የሚጎዳ ልማድ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ቢታመንለት የቡናውን ስም በደንበኞቹ ፊት የሚያነሣ እርሱ ነው።

ስለዚህ ጥቅምት ገብቶ ለቀማው ሳይበረታ፥ አስተዳዳሪው የመፈልፈያ ባለቤቶችን፥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሹማምንትን፥ ባለ ሰፊ እርሻዎችን፥ ሚዛን ያዦችንና የኬላ አለቆችን በአንድ ቀን ይሰበስባቸዋል። ያለፈው ዓመት ገዥዎች ስም በፊታቸው ይነበባል፤ ከእነዚያም የተመለሱትና ያልተመለሱት ይለያሉ፤ ያልተመለሰው በጣዕም፥ በጆንያ፥ በመዘግየት ወይም በውል መፍረስ ምክንያት እንደ ሆነ በመዝገብ ይጻፋል። ምክንያቱ የተገኘለት ገዥ ምን እንደ ተሻሻለ የሚገልጥ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ደብዳቤውም ከአዲሱ ቡና ናሙና ጋራ ኅዳር ሳይወጣ ይላካል።