በግቢ ጋራዥ ለሚሠሩ አባሎች ስለ መብራት የቀረበ አስተያየት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባሎች በየግቢው ጋራዥ ማታ ማታ የሚሠራው የእንጨትና የብረት ሥራ ይከልከል የሚል ሐሳብ ማቅረባቸው የሚታወስ ነው። ምክንያታቸውም ሁለት ነበር፤ አንደኛው ፓውዛው በመስኮት እየገባ ልጆች አላስተኛ አለ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል የሚል ነው። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ፣ እስከዚያው በበኩሌ ያለኝን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ አሰፍራለሁ። ኮሚቴው አላየውም፤ የራሴ ሐሳብ ነው።

በእኔ አስተያየት መከልከሉ አይበጅም። ቀን ተቀጥሮ ውሎ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ወንበርና ጠረጴዛ እየሠራ የልጆቹን ደብተር የሚገዛ ሰው በዚህ ሰፈር ጥቂት አይደለም። ልብስ የሚሰፉ እኅቶቻችንም እዚያው ጋራዥ ውስጥ ናቸው። ቢሆንም የቀረበው ስሞታ ከንቱ ነው አልልም። ሰው የሚጎዳው በጨለማ ስለሚሠራ ነውና።

አባሎቻችን ለማሽን ገንዘብ አይሰስቱም። ክብ መጋዙም፣ ግራይንደሩም፣ የብየዳ ማሽኑም ተበድሮም ቢሆን ይገዛል። መብራት ላይ ሲደርስ ግን ጣራው መሐል አንዲት አምፖል ትንጠለጠልና «ይበቃል» ይባላል። ባንኮው ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቆም ሠራተኛው ለአምፖሏ ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል፤ የገዛ ጥላው እጁ ላይ ይወድቃል። የእርሳሱ ምልክት፣ የመጋዙ ጥርስ፣ የራሱ ጣት ሁሉም ጥላ ውስጥ ናቸው። እስቲ ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ ነጭ ወረቀት ባንኮው ላይ አንጥፉና እንደምትሠሩ ሆናችሁ ጎንበስ በሉ። ወረቀቱ ከጠቆረ የመብራቱ ቦታ ልክ አይደለም ማለት ነው። አምፖሏን በትልቅ ብትቀይሯትም ጥላው እዚያው ነው።

መድኃኒቱ መብራቱን ከሰውየው ፊት ማምጣት ነው። ባለ 1.20 ሜትሩ ረጅም ኤል ኢ ዲ ከባንኮው በላይ፣ በሠራተኛው ራስና በግድግዳው መካከል ቢሰቀል ጥላው ወደ ኋላ ይሄዳል። ዓይን እንዳይወጋ ከፊት በኩል ትንሽ መከለያ ይደረግለት። ቁመቱም ቁም ነገር አለው። ከአንዲት ባዶ አምፖል የሚመጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከባንኮው 2 ሜትር ርቃ የነበረችውን አምፖል ወደ 1 ሜትር ዝቅ ማድረግ ብቻ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ዋት፣ ከሥሯ ያለውን ብርሃን አራት እጥፍ ያህል ያደርገዋል።

ስንት መብራት ይበቃል ለሚለው፣ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ዋት የሚበላው ነው፣ ሉመን የሚሰጠው ነው። ገበያ ስትወጡ ሉመኑን ተመልከቱ። የአውሮፓ የሥራ ቦታ ደረጃ ለአናጢ ባንኮ 300 ሉክስ፣ ለእንጨት ማሽን 500 ሉክስ ይላል፤ አንድ ሉክስ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ሉመን ነው። 4 በ 5 ሜትር የሆነ ጋራዥ 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ 300 ሉክስ ለማግኘት 6000 ሉመን ሥራው ላይ ማረፍ አለበት። ግድግዳውና አቧራው ብዙውን ስለሚውጠው ወደ 10000 ሉመን እንያዝ። ይኸ 1800 ሉመን ያህል የሚሰጥ ባለ 18 ዋት ኤል ኢ ዲ ስድስት ያህል ማለት ነው፤ በጠቅላላው 108 ዋት። ድሮ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል ስናበራ 120 ዋት እየበላን ከ1400 ሉመን ብዙም አናልፍም ነበር። ግድግዳውን ኖራ መቀባት ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል፤ ጥላሸት የለበሰ ጋራዥ የፈለገውን ያህል ቢበራ ዋሻ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ለሚሰፉና ዕድሜያቸው ገፋ ላለ አባሎች ከዚህም በላይ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ አጠገብ አንድ መብራት ለብቻ ይጨመርላቸው።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አሮጌው ፍሎረሰንትና አንዳንዱ ርካሽ ኤል ኢ ዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ድርግም ድርግም ይላል። ዓይን አይለየውም። በደቂቃ 3000 ጊዜ ያህል የሚዞር መጋዝ ግን በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሄድ፣ ብልጭታው ጥርሱን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ እያገኘ የቆመ ወይም ቀስ እያለ የሚዞር ሊያስመስለው ይችላል። ቆሟል ብሎ እጁን የሚሰድ አለ እኮ! ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስበሩና በሞባይል ካሜራ እዩት፤ ጥቁር መስመር የሚያመላልስ ከሆነ ለመጋዝ አይሆንም።

ሌላው የመስመሩ ነገር ነው። በብዙ ግቢ መብራቱም መጋዙም ከአንድ ብሬከር (ድሮ ቫልቮላ ከምንለው) ነው የሚነሡት። መጋዙ እንጨት ውስጥ ሲነክስ ብሬከሩ ይወርዳል፤ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። ምላጩ ግን ወዲያው አይቆምም፣ ሰውየው በድቅድቅ ጨለማ አጠገቡ ቆሟል። መብራቱ የራሱ መስመር በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና በ10 አምፔር ብሬከር፣ ሶኬቱ በ2.5 ሽቦና በ16 አምፔር ይለይ። ብየዳው ደግሞ ለብቻው። ከመንገድ መብራት ሲሄድም ያው ስለሆነ፣ ራሱ የሚበራ ባለ ባትሪ መብራት አንድ ይሰቀል፤ ማሽኑም ወዲያው ከሶኬቱ ይነቀል፤ አለዚያ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ሊነሣ ይችላል።

መኪና የሚጠግኑት ጣራ ላይ ያለው መብራት ኮፈኑ ሥር እንደማይገባ ያውቁታል። ባለ 220 ቮልት አምፖል በሽቦ እየጎተቱ ቤንዚን አጠገብ መሥራት ግን ይቅር፤ አምፖሉ ቢሰበር እሳት ነው። በቻርጅ የሚሠራ የእጅ መብራት አለ።

ስለ ፓውዛው ስሞታ አቅራቢዎቹ ልክ ናቸው። ፓውዛ ለግቢ ጥበቃ እንጂ ለባንኮ አልተሠራም፤ አሮጌው ባለ 500 ዋት ደግሞ በጣም ስለሚግል ሰጋቱራ ቢያርፍበት ያቃጥላል። ባንኮው ላይ በቂ መብራት ያለው ሰው ፓውዛ አያስፈልገውም፤ ጎረቤትም ይተኛል።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው እንዲህ ነው። ማሽን ያለው የማታ ሥራ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይፈቀድ፤ ወደ ጎረቤት የዞረ ፓውዛ ይነሣ፤ መስመር ማስለየት የሚፈልጉ አባሎች ተመዝግበው ሙያው ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በጋራ ከፍለን እናምጣ። ሽቦውን ራሴ እቀጥላለሁ የሚል እንዳይኖር። መብራት ለመስቀል የማኅበሩን መሰላል የሚፈልግ ከመጋዘን ፈርሞ መውሰድ ይችላል። አንዱ መሰላል ከወጣ ወር አልፎታል፤ የወሰደው አባል እባክዎን ይመልሱልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ