ጄኔራሉን የት እናቁመው?

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቼ በጌም ጉዳይ እየተከራከሩ እኔን ዳኛ አድርገውኛል። ጌሙ ቶታል ዋር ነው፤ ጥያቄው ደግሞ «ጄኔራሉ ያለበትን ጦር የት እናቁመው?» ግማሾቹ «ፊት ይሁን፣ ፈረሰኛ አይደል እንዴ!» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «እሱ ከሞተ አለቀልን፣ ጥግ ላይ ደብቀው» ባይ ናቸው። የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በእኔ እምነት ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቦታው መሐል ነው፤ ከእግረኛው መስመር ጀርባ፣ ከተጠባባቂው ጦር ጋር።

ለምን? ጄኔራሉ አጠገቡ ያለውን ጦር ሞራል ከፍ ያደርጋል። ጥግ ላይ ከደበቃችሁት ሞራል የሚሰጠው ለሣሩ ነው! ሲሞት ደግሞ የሠራዊቱ ሁሉ ሞራል ባንዴ ይወርዳል፤ ደህና ሲዋጋ የነበረው ሳይቀር መሸሽ ይጀምራል። ጦሩን ወድሮ በሚጠብቅ እግረኛ ላይ ፊት ለፊት ካስጋለባችሁት፣ ጨዋታውን በገዛ እጃችሁ ጨረሳችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ «ደፋር ነው ወይስ ፈሪ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ለስንቱ ጦር ቅርብ ነው? መስመሩ የሳሳበት ጋ ቶሎ ይደርሳል ወይ?» በሉ።

ይህን አባቶቻችንም ያውቁት ነበር። ማዕረጎቹን ብቻ ተመልከቱ። ፊታውራሪ የፊቱን ጦር ይመራል፣ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን። ንጉሡስ? መሐል። አሰላለፉ እኮ በስማቸው ላይ ተጽፏል!

ዋጋውንም ታሪክ አሳይቶናል። በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር የድርቡሾቹን ምሽግ ሰብሮ ገብቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ራሳቸው እሳቱ ውስጥ ነበሩና በጥይት ተመቱ። ይህ ሲሰማ፣ ወደ ድል የተቃረበው ሠራዊት ተፈታ። ይህን የምለው ጀግንነታቸውን ለመንካት አይደለም፤ ለአገር ዳር ድንበር ሕይወታቸውን የሰጡ ንጉሥ ናቸው። በዘመኑም ንጉሥ ከወታደሩ ጋር መዋጋቱ ክብር ነበር። ግን የአንድ ሰው ቦታ የስንቱን ሺህ ሰው ዕጣ እንደሚወስን ልብ በሉ።

አንዱ ተማሪዬ «የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍስ? በ1632 እ.ኤ.አ. ሉትዘን ላይ ሞቶ ጦሩ አሸነፈ አይደል?» አለኝ። ጎበዝ! እውነት ነው። ግን እዚያ ወዲያው አመራሩን የተረከበ ሰው ነበር፤ የሳክስ ቫይማሩ በርንሃርድ። እናንተስ? ጄኔራላችሁ ሲወድቅ በዚያ ውጊያ ማን ይተካዋል?

መሐል ማለት ግን ተገትሮ መቅረት አይደለም። ከቀስተኛ ርቀት አውጡት። አንዱ ጦር ሲያመነታ አስጠጉት። ጠላት ሲደክም ደግሞ ከጎን ወይም ከጀርባ አዙራችሁ አስገቡት፣ ምቱና ቶሎ አውጡት።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። የማይስማማ ኮመንት ላይ ይምጣ፤ «ፊት ይሁን» ባዮች በተለይ እናንተን እየጠበቅኩ ነው 😄