የውሻ እከክና የባለቤቱ ኃላፊነት

በወልድያ ገበያ ዳር፥ በመርሳ ሥጋ ቤቶች አጠገብ፥ በሀብሩም የገጠር ቀበሌዎች ጠጕሩ የረገፈና ራሱን ሲያክ የሚውል ውሻ ማየት የተለመደ ነው። የሚሰጠውም ፍርድ እንደዚያው የተለመደ ነው፤ ይኸውም ድንጋይ መወርወር። እኛ ግን ይህ ፍርድ ከርኅራኄም ከጤና አጠባበቅም ጋራ የማይስማማ ነው እንላለን፤ የተባረረ ውሻ በሽታውን ተሸክሞ ወደ ጎረቤት ደጅ ይሄዳልና።

የውሻ የቆዳ በሽታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እጅግ የሚያሳክከው እከክ፥ በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳውን ሰርስራ እንቁላሏን ስትጥልበት የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጆሮ ጫፍ፥ በክርንና በሆድ ላይ ይጀምራል። ሁለተኛው ከቁንጫ ንክሻ የሚነሣ ሲሆን፥ በወገብና በጅራት ሥር ያለውን ጠጕር ያረግፋል። ሦስተኛው ጭርት ነው፤ ይህም በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ውሻውን ከሚዳስሱ ሕፃናት ላይ በቀላሉ ይጋባል። በሞቃት አገር ደግሞ መዥገር ይበረታል፤ የነከሰበትም ቦታ ይቆስላል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ መታረም አለበት። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከድርቁ ጋራ የእከክ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ በ68 ወረዳዎች ከተመረመረው ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ሢሶው ያህል በሽታው ተገኝቶበታል። እንዲህ ያለው እከክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ከውሻ የሚመጣው ግን ሰውን ለጥቂት ጊዜ ያሳክካል እንጂ በሰው ቆዳ ላይ ተራብቶ አይቀጥልም። እንግዲህ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ በቤተ ሰብ መካከል ለሳምንታት ሲቆይ፥ በውሻ ማሳበቡን ትቶ መላው ቤተ ሰብ ባንድነት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል።

ሕክምናውም በግምት የሚደረግ አይደለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ላምባ መቀባት ቆዳን ይጎዳል፤ ውሻው ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለከብት የተዘጋጀውን አይቨርሜክቲን ያለ ልክ መውጋትም አንጎሉን ሊጎዳ፥ ሊገድለውም ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ በክብደቱ ልክ መድኃኒት እንዲያዝለት ማድረግ፥ አብረውት የሚኖሩትንም ውሾች ማሳከም፥ መኝታውንም በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። የቁንጫ እንቁላልና ትል በብዛት የሚገኘው በወለልና በመኝታ ላይ ስለ ሆነ፥ ቤቱን ሳይጠርጉ ውሻውን ብቻ ማጠብ ከንቱ ድካም ነው።

«ሰው ሳይታከም ውሻ ይታከማልን?» የሚሉ ይኖራሉ። ሌሊት ደጅ የሚጠብቅ፥ ቀን ከልጆች ጋራ የሚውል እንስሳ ጤንነት ግን ከቤቱ ጤንነት ተለይቶ አይታይም። ከዚህም በላይ ባለቤቱ የሚይዘው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን መከላከያ ክትባት ለመከተብ ይመቻል፤ ተባርሮ የሚንከራተተው ግን ሳይከተብ ይቀራል።

ስለዚህ ውሻ ያሳደገ ሰው ሲያመውም ባለቤቱ መሆኑን አይርሳ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን የታመመ ውሻ ከመዳሰስም ከመውገርም እንዲቆጠቡና ለባለቤቱ እንዲነግሩ፥ ውሻ ከዳሰሱም በኋላ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ቢያስተምሯቸው፥ ትምህርቱ ከክፍል አልፎ ወደየቤቱ ይገባል።