የካቲት 30 ስሕተት አይደለም

ቀበና ድልድይ አጠገብ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አለ እንበል። ቀጠሮ የሚይዝለት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ነው። ታካሚው በስልኩ «ነገ ሦስት ሰዓት ይመቸኛል» ብሎ ይልካል። ኤጀንቱ የቀጠሮውን ሶፍትዌር ይከፍታል፤ ክሊኒክ በሌሊት እንደማይሠራ ስለሚያውቅም ብልጠቱን ተጠቅሞ በሰዓቱ ሳጥን ውስጥ «15:00» ብሎ ይሞላል። ሶፍትዌሩ ያለአንዳች ማጉረምረም ይቀበላል። በማግስቱ ታካሚው ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲደርስ ስሙ የሚገኘው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ብትሆን ይህን አትሳሳትም። የሶፍትዌሩ መመሪያ ግን ስለዚያ ሳጥን የሚለው «የቀጠሮ ሰዓት» ብቻ ነው። ለአዲስ አበባ ፕሮግራመር ይህም ይበቃዋል፤ ግራ ከገባው አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠይቃል። ኤጀንት የሚጠይቀው ጎረቤት የለውም።

«ኤጀንቱን የሚነዳው ጎበዝ ሞዴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል» የሚል አይጠፋም። ያውቃል፤ ቢጠየቅ 13 ወር እንዳለን፣ የቀኑ አንድ ሰዓት የሚባለውም ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንደሆነ አሳምሮ ያስረዳል። ያልተነገረው ያ ሳጥን የትኛውን አቆጣጠር እንደሚፈልግ ነው።

አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ኤምሲፒ የተሰኘ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮቶኮል አወጣ። በዚህ አሠራር አንድ ሶፍትዌር ለኤጀንት የሚቀርበው በስሙ፣ በአጭር መግለጫውና በሚቀበላቸው መረጃዎች ዝርዝር ነው። ሞዴሉ የትኛውን መሣሪያ እንደሚያነሳና ምን እንደሚሞላበት የሚወስነው እነዚያን ጥቂት መስመሮች አንብቦ ነው። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላ በችኮላ የሚለጠፈው መግለጫ ዛሬ ከኮዱ እኩል የሥራው አካል ሆኗል ማለት ነው። የእኛ ፕሮግራመሮች ይህን ገና በቅጡ የተቀበሉት አይመስልም።

ቀን ከሰዓት ይብሳል። የካቲት 30 ለእኛ እንደማንኛውም ቀን ነው፤ በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ማርች 9 ላይ ይውላል። የካቲትን በቀጥታ ፌብሩዋሪ ብሎ የወሰደ ኤጀንት ግን 30ኛውን ቀን እንደ ስሕተት ያየዋል፤ ይባስ ብሎ ወደ 28 «ያርመዋል»። ጳጉሜንማ ከ1 እስከ 12 ብቻ በሚቀበል የወር ሳጥን ውስጥ መግቢያ የላትም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምርም ያልተነገረው ኤጀንት «የዘንድሮን ወጪ ደምር» ሲባል ከጃንዋሪ ቢጀምር ማን ይፈርድበታል?

ስምም አለ። «ላስት ኔም» በሚለው ሳጥን ውስጥ የምናስገባው የአባታችንን ስም ነው። ኤጀንቱ ይህ ካልተጻፈለት ለወይዘሮዋ የሚገባውን ደብዳቤ «ክቡር አቶ» ብሎ ለአባቷ ይልካል።

ገንዘብ ሲመጣ ቀልዱ ያበቃል። ቻፓ በተባለው የክፍያ መድረክ በኩል የሚፈጸም እያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ በዚያ መለያም ክፍያው መድረስ አለመድረሱ ይጣራል። ኔትወርክ መሐል ላይ ሲቋረጥ ሰው ደንግጦ ሒሳቡን ይመለከታል። ትዕግሥት የሌለው ኤጀንት አዲስ መለያ ሰጥቶ እንደገና ሊከፍል ይችላል። «መልስ ካልመጣ መጀመሪያ በዚያው መለያ አጣራ፤ ሳታጣራ አትድገም» የሚል አንድ መስመር እዚህ ላይ ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

መሣሪያው የማይችለውን መጻፍም አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ያዘጋጁት የዩኒክስ ስርዓተ ክወና መመሪያ የየትእዛዙን ጉድለት በግልጽ የሚያሰፍርበት ክፍል ነበረው። ዛሬ ስንት ሶፍትዌር ነው ጉድለቱን በገዛ መመሪያው የሚናዘዘው?

መመሪያው በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ያከራክራል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አቀማመጥ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሞዴሎችም የሠለጠኑት በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ቢሆን ነውር የለበትም። ምሳሌዎቹ ግን ደንበኛው በሚናገርበት አፍ መሆን አለባቸው፦ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ሲባል 09:00፣ «ማታ ሁለት ሰዓት» ሲባል 20:00፤ ጠዋት ወይም ማታ ካልተባለ ተጠቃሚው ይጠየቅ።

የስሕተት መልእክቱም የመመሪያው አካል ነው። «ልክ ያልሆነ ቀን» የሚል መልስ ያገኘ ኤጀንት ሌላ ቀን ገምቶ ይሞክራል። «በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበራት፤ ተጠቃሚውን ጠይቅ» ከተባለ ግን መገመቱን ትቶ ይጠይቃል። መመሪያው መሥራቱን መፈተሽ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ለዚያ ቀን ዛሬውኑ ቀጠሮ እንዲይዝ ኤጀንቱን ማዘዝ ነው።