ከ0.08 በታች ያለው መጠጥ

ጠጥቶ የመንዳት ነገር ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ወጣቶቹን ነው። በአኃዝ ከሄድን አልተሳሳትንም። በአሜሪካ ሰው በሚሞትባቸው የመኪና አደጋዎች ውስጥ፣ በደማቸው 0.08 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል የሚገኝባቸው አሽከርካሪዎች በብዛት ከ21 እስከ 34 ዓመት ያሉት ናቸው፤ ከ75 በላይ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ታዲያ ስለ ሽማግሌዎቻችን ምን አሳሰበህ ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ መለኪያው ራሱ ነው። መሐንዲስ ነኝና፣ መሣሪያ ከአንድ መስመር በታች ያለውን ካልቆጠረ ከመስመሩ በታች ምንም የለም ማለት አይደለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አልኮል የሚሰራጨው በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ነው። የወጣት ወንድ ሰውነት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻው ቀንሶ ስብ ስለሚተካው ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ክብደቱ ባይለወጥም፣ ሰውዬው በ70 ዓመቱ የሚጠጣት ያችው መለኪያ ውስኪ በደሙ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህል ትበረታበታለች። «እኔ ሦስት ጠጥቼ ምንም አልሆንም» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ግን የሚናገረው ስለ ድሮው ሰውነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ25 እስከ 35 እና ከ55 እስከ 70 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመንዳት ማስመሰያ ፈትነው ነበር። ሕጉ በሚፈቅደው መጠን የወጣቶቹ አነዳድ አልተለወጠም፤ የአንጋፋዎቹ ግን ተበላሸ። በሰዓት 60 ማይል የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 27 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሴኮንድ መዘግየት የሦስት መኪና ርዝመት ያህል ነው።

መድኃኒቱንም ጨምሩበት። የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን፣ አንዳንዱ የአለርጂ መድኃኒትም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ያደነዝዛል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ቢጠጣ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ መሪ ላይ ሆኖ ስኳሩ የወረደ ሰው ከሰካራም አይለይም።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አገር ጥሎ የወጣው ትውልድ ዛሬ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሷል። ድግሳችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የቤት ጠጅ ስንት በመቶ እንደሆነ የጣለችውም አታውቀው፤ ብርሌው ሳይጎድል ይሞላል፤ «በሞቴ!» ከተባለ እምቢ ማለት ነውር ነው። ከዚያ ቡና ይፈላና ሁሉም የነቃ ይመስለዋል። ጉበት ግን በሰዓት 0.015 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚያጠራው፣ ሦስተኛው ጀበና ቢደገምም። ጋሼ ካፖርታቸውን ሲያነሱ «ቁልፉን ይስጡኝ» የሚል ደፋር የለም።

ሕጉስ? ቨርጂኒያ 75 ዓመት የሞላውን ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያድስ በአካል ቀርቦ ዓይኑን እንዲፈተን ታዛለች፤ ምን እንደሚጠጣና ምን ኪኒን እንደሚውጥ የዓይን ሰሌዳው አይናገርም። ዩታ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ መስመሩን ወደ 0.05 አውርዳለች፤ ስዊድን ከ1990 ጀምሮ 0.02 ላይ ናት። ሌሎቹም ግዛቶች ቢከተሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የትራፊክ ፖሊስ ማኅበር ቤት አይገባም። ለዲጄና ለአዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ የሰርግ ኮሚቴ ሁለት የማይጠጡ ሹፌሮች መመደብ አያቅተውም። መኪናው ከነሹፌሩ በር ላይ ከቆመ ጋሼን ማንም ቁልፍ አይጠይቃቸውም፤ የራሳቸውን መኪና በማግስቱ ከልጆቹ አንዱ ያመጣላቸዋል።