የሌሊት ጥቅል የገዛ ደንበኛ ለማን አቤት ይበል?

ባለፈው ሰሞን ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ይፋግ ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ ነበር። ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ይፋግን ያውቃታል፤ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት የምትገኝ፣ በሲራራ ንግድ ዘመን በገበያዋ ስመ ጥር የነበረች ከተማ ናት። ያረፍኩት መምህር ከሆነው የእህቴ ልጅ ቤት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ብነቃ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። «ምነው ልጄ፣ አትተኛም?» ስለው፣ «ጋሼ፣ እኔ ከተኛሁ እሱም ይተኛል» አለኝ ወደ ላፕቶፑ እየጠቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ የትምህርት ቪዲዮ በሌሊት እያወረደ ጠዋት በፍላሽ ያድላቸዋል። ላፕቶፑ ግን ማንም ሳይነካው ጥቂት ከቆየ ስሊፕ ይገባል፤ ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ማውረዱም ይቋረጣል። የተረፈው ጥቅል ሲነጋ ጊዜው አልፎበት ይቀራል።

«ተማሪዎቹ ለምን በየስልካቸው አያዩትም?» የሚል የአዲስ አበባ አንባቢ አይጠፋም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር እናስታውስ። ያንን ያየ መምህር የተገኘውን ሁሉ አውርዶ ማስቀመጥን ቢለምድ ምን ይገርማል?

የመጀመሪያውን ሌሊት ኪሳራ በሕግ ዓይን ካየሁት ኃላፊነቱ የደንበኛው ነው። በማግስቱ ከጓደኛው ጠይቆ አስተካከለው። ቻርጀር ሲሰካ ላፕቶፑ ፈጽሞ ስሊፕ እንዳይገባ፣ ክዳኑ ሲዘጋም ምንም እንዳያደርግ አዘዘው። ቀጥሎ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳ (በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህ ምልክት አይታይም አሉ)። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም። ሆትስፖት የሚሰጠውን ስልክም ቻርጀር ላይ ሰካው፤ ከተቋረጠበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራምም ጫነ። ይህ ሁሉ የእሱ ድርሻ ነበር፤ ተወጣው።

ሁለተኛው ሌሊት ተኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም ስልኩም በየባትሪያቸው ቀጠሉ፤ ኔትወርኩ ግን አብሮ ጠፍቶ የተመለሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ደውሎ ቢያመለክት ያገኘው መልስ «የጥቅሉ ጊዜ አልፏል» የሚል ብቻ ሆነ።

ኩባንያው የሚከራከርበት የለውም አልልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። ጥቅሉ ሲነጋ እንደሚያበቃ ገዢው አውቆ ገዝቷል። ርካሽ የሆነውም ሌሊት ኔትወርኩ ሥራ ስለሚፈታ ነው። ይሁንና የጸናው በሁለቱም ላይ መሆኑ አይዘንጋ! ሻጩ የሸጠው ሰዓቱን ሳይሆን በዚያ ሰዓት የሚሠራ ግንኙነትን ነው።

«መብራት ጠፍቶ ነው» ቢባልስ? አንቀጽ 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ጨርሶ የሚያግደውን ነገር ነው። ለመሆኑ በአገራችን መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ያላሰበ ባለ ማማ አለ? የመጠባበቂያ ባትሪና ጄኔሬተር የሚገዛው ለዚሁ አይደለምን? ወጪ መጨመሩ ከግዴታ ነፃ እንደማያወጣ ያው አንቀጽ በንዑስ ቁጥር 2 ደንግጓል።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር ፉክክሩ ይህን ሁሉ ያስተካክለዋል ብለን ተስፋ ካደረግነው አንዱ ነበርኩ። ለጥቂት ብር ጥቅል ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው የለም፤ ጠበቃ ለመቅጠር ቀርቶ ለማመልከቻው ወረቀት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ማማ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠፋ የኩባንያው ሲስተም ይመዘግባል። በዚያ ማማ ሥር ለነበረ ባለ ሌሊት ጥቅል የጠፋውን ያህል ሰዓት በማግስቱ ሌሊት መመለስ የሒሳብ ሥራ እንጂ ሌላ ችግር የለውም። እንደ እኔ እምነት ባለሥልጣኑ ይህን ደንበኛው ሳያመለክት እንዲፈጸም ሊያስገድድ ይገባል።

እስከዚያው የእህቴ ልጅ አንድ ደብተር አዘጋጅቷል። ኔትወርኩ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ከነቀኑ ይጽፍበታል። ማስረጃ ያዝ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ።