የሻገተ እህል የማን ድርሻ ነው?

ገበሬ እህሉን ከማሳ እስኪሰበስብ ድረስ ከተምች፣ ከወፍና ከዝናብ ጋር ይታገላል። ጎተራው በሞላ ጊዜ ጠላቱን ሁሉ ድል የነሣ ይመስለዋል። ነገር ግን በሚገባ ሳይደርቅ የገባ እህል ሌላ ጠላት ይዞ ይገባል፤ ይኸውም ሻጋታ ነው።

የሻጋታ ጉዳት የእህልን መልክና ጣዕም በማበላሸት ብቻ አይወሰንም፤ አንዳንዱ ዓይነት መርዝ ያመነጫልና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ዶሮዎች ጫጩቶች አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር በመኖአቸው ውስጥ የነበረው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። በ2004ም በኬንያ የሻገተ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ ከእነዚህ 125ቱን ገድሏል።

እንዲህ ያለው ድንገተኛ እልቂት አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው። ብዙውን ጊዜ መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ከምግብ ጋር ይገባል፤ አስቀድሞም የሚያገኘው አንጀትን ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ስስ አካል ሲሆን፣ ምግብን ወደ ደም ያሳልፋል፤ ተሕዋስያንን ግን ይከለክላል። በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርመራ እንደ ታወቀው፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ የሚገኙት ዲኦክሲኒቫሌኖልና ፉሞኒሲን የተባሉት መርዞች ይህን ሥራ ያውካሉ። ምግብን የሚስቡት ጣት መሰል ጥቃቅን አካላት ያጥራሉ፤ የሽፋኑም መጋጠሚያ ይላላል። ያን ጊዜ ምግቡ ሳይጠቅም ያልፋል፤ ተሕዋስያንም መግቢያ ያገኛሉ። በቤኒንና በቶጎ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ በ2002 በታተመው ጽሑፍም፣ በደማቸው ብዙ አፍላቶክሲን የታየባቸው ልጆች በቁመትና በክብደት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

«እሳት ያየ ምግብ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። መቁላትና መቀቀል ሻጋታውን ቢገድሉትም መርዙን ጨርሰው አያጠፉትም። የሻገተው ለላም ቢሰጥም በወተት ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ነገር ገበሬውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክለኛ ፍርድ ግን አይደለም። ነጋዴው በሚዛን ብቻ በሚገዛበት ገበያ እርጥብ እህል ይከብዳልና፣ ደክሞ ያደረቀው ይከስራል፤ ያላደረቀው ያተርፋል። ገዢው መልክ አይቶ ሲመርጥም፣ የተለየው ጥቁርና የተሰበረ ፍሬ ወደ ቤት ተመልሶ የልጆች ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት በየእህል ገበያው የእርጥበት መለኪያ ሊቆምና ለደረቀ እህል የተሻለ ዋጋ ሊከፈል ይገባል። የከተማውም ሰው ለደረቅ እህል ጥቂት ጨምሮ ቢከፍል ለራሱ ጤና የከፈለ መሆኑን ይወቅ።

ገበሬውም በበኩሉ እህሉን በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ያስጣ፤ በቆሎም እርጥበቱ ከመቶ 13 እስኪወርድ ድረስ ጎተራ አይግባ። መለኪያ የሌለው፣ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል ጨምሮ ይነቅንቀው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና እንደገና ይሰጣ። ጨው ባይጣበቅም እርጥበቱ ከመቶ 15 በታች መሆኑን ብቻ ያመለክታልና፣ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ለገበያ እህል እንደምንመርጥ ሁሉ ለልጆቻችንም እንምረጥ።